የዶቨሩ ግድግዳ

የብሪታንያ ዜግነት የያዛችሁ ወገኖቼ፣ በጁላይ 2023 ዶቨር ላይ የተደረገውን ረስታችሁት ይሆናል፤ እኔ ግን ይቅር ለማለት እስካሁን አልቻልኩም።

ያለ እናት ያለ አባት በትንንሽ ጀልባ ባሕሩን ተሻግረው የሚደርሱ ልጆች በሚመዘገቡበት ማእከል፣ ግድግዳው ላይ የሚኪ ማውስና የእንስሳት ሥዕሎች ነበሩ። ሌሊቱን ማዕበል ሲያንገላታው ያደረ ልጅ፣ ስሙ እስኪጠራ ተራውን ሲጠብቅ ዓይኑን የሚያሳርፈው እዚያ ላይ ነበር። የወግ አጥባቂው ፓርቲ የኢሚግሬሽን ሚኒስትር የነበሩት ሮበርት ጄንሪክ ሥዕሎቹ በቀለም እንዲሸፈኑ አዘዙ፤ ቦታው እንግዳ ተቀባይ መምሰል የለበትም ተብሎ መሆኑ ተዘገበ። ለዚሁ ሥራ ከ1,500 ፓውንድ በላይ የሕዝብ ገንዘብ ወጣ። ኋላ ፓርላማ ውስጥ ሲጠየቁ፣ አብዛኞቹ መጪዎች ጎረምሶች ስለ ሆኑ ሥዕሎቹ ለዕድሜያቸው አይመጥኑም አሉ። ጎረምሳ ሚኪ ማውስን ቢያይ ምን እንደሚጎዳው ግን አልነገሩንም። በዚያው ዓመት በጃንዋሪ፣ መንግሥት በሆቴል ካስቀመጣቸው እንዲህ ዓይነት ልጆች 200ዎቹ እንደ ጠፉ ለፓርላማ የተናገሩት እኚሁ ሰው ነበሩ። ሁለት መቶ ልጅ የት እንደ ገባ በማይታወቅበት ዓመት፣ ቀለምና ብሩሽ ተገኘ።

ብሩሹን የያዘውን ሠራተኛ ብዙ ጊዜ አስበዋለሁ። ከጆሮዎቹ ጀምሮ ይሆን ከፈገግታው?

ይህን ያደረጉት ቤተሰብ፣ ወግ፣ እሴት ከአፋቸው የማይለያቸው ሰዎች ናቸው፤ ከኤፕሪል 2017 ወዲህ ለተወለደ ሦስተኛ ልጅ የሚሰጠውን ድጎማ የከለከሉትም እነርሱው ናቸው። ወግ ከተባለ፣ ንጉሠ ነገሥታችን ከ1936 እስከ 1940 የስደት ዘመናቸውን ባዝ ከተማ ያሳለፉት በዚህችው አገር ነው። (እርግጥ በ1938 የጣሊያንን ወረራ ያጸደቀው የቼምበርሊን መንግሥትም የዚህችው አገር ነው።) የእኛስ ወግ? «የመሸበት የእግዜር እንግዳ» ለሚል «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ማለት አልነበረምን?

ወሬው በተሰማበት ሰሞን፣ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ቡና ስንጠጣ አንድ የማከብራቸው ሽማግሌ «ደግ አደረጉ፤ እኛ ስንመጣ ማን ሥዕል ሣለልን?» አሉ። ሁሉም ሳቀ። ከካሌ በከባድ መኪና፣ በካርቶን ክምር መካከል ተደብቄ የገባሁት እኔም ፈገግ አልኩ። በዚያ ሌሊት በተያዝኩበት ክፍል አንዲት ፖሊስ ወተት ያለበት ሻይና በናፕኪን የተጠቀለሉ ሁለት ብስኩቶች ሰጥታኝ ነበር፤ አንዱን በልቼ ሌላውን ለነገ ብዬ ኪሴ ከትቼዋለሁ። ያን እያስታወስኩ አንገቴን ደፍቼ ሲኒዬን አማሰልኩ። ሚኒስትሩን ለመውቀስ ድፍረት አላጣሁም፤ አጠገቤ የተቀመጡትን ሽማግሌ ግን ፈራሁ።

ያ መንግሥት ከ14 ዓመት ሥልጣን በኋላ በጁላይ 2024 በምርጫ ወደቀ፤ ሳቃችን ግን በአዳራሹ እንዳለ ነው። በሩን አልፈን የገባን ሰዎች፣ ከኋላችን ይዘጋ ብለን ድምፅ የምንሰጠው እስከ መቼ ነው? ሰልፍ ውጡ አልላችሁም፤ ስንት ጊዜ ተጠርታችሁ እንደ ቀራችሁ አውቃለሁ፣ እኔም ቀርቻለሁ። ያ ጨዋታ ሲነሣ አትሳቁ። እኔም በሚቀጥለው እሑድ፣ ድፍረቱን ካገኘሁ፣ «ጋሼ፣ እኔ በምን እንደ መጣሁ ነግሬዎት አላውቅም» ብዬ እጀምራለሁ።