አምስት መቶ ፊርማ ከየት ይምጣ?

«ሕጉ ለሁሉም እኩል ነው።» የመካከለኛው እስያዋን አገር የኪርጊስታንን አዲሱን የሃይማኖት ሕግ የሚደግፉ ሰዎች ሌላው መከራከሪያ ሁሉ ሲያልቅባቸው የሚመዟት ካርታ ይቺ ናት። ሰሞኑን በተገኘሁበት አንድ ውይይት ላይም አንድ ተናጋሪ ደረቱን ነፍቶ ደገማት። ቤተ ክርስቲያኑም 500 ፈራሚ፣ መስጊዱም 500 ፈራሚ ማቅረብ አለበት፤ አድልዎው የቱ ጋ ነው? አለን።

ቁጥሩ ጋ ነዋ! ፕሬዚዳንት ሳዲር ጃፓሮቭ በጥር 2025 እ.ኤ.አ. የፈረሙት ሕግ አንድ የሃይማኖት ማኅበር ለመመዝገብ በአንድ ክልል የሚኖሩ 500 አዋቂ ዜጎች እንዲፈርሙ ያዛል። ቀድሞ 200 ነበር፤ ያም ለብዙዎች ሰማይ ሆኖባቸው ኖሯል። ሳይመዘገቡ መሰብሰብ ደግሞ ክልክል ነው፣ ያስቀጣልም፤ በሰው ሳሎን ውስጥም ቢሆን።

እስቲ ናሪን የሚባለውን ክልል ተመልከቱ። ከ40 ሺሕ ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ተራራና ሸለቆ ላይ 300 ሺሕ ገደማ ሰው ተበትኖ ይኖራል፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም ኪርጊዝ፣ ሁሉም ሙስሊም። ግማሹን ዓመት በረዶ ነው። ጉልበት ያለው ወጣት የእኛ ልጆች ዓረብ አገር እንደሚሄዱት ሞስኮ ወርዶ ሕንጻ ይገነባል፣ መንገድ ይጠርጋል። መስጊዱ 500 ፊርማ በአንድ ዓርብ ይሰበስባል። ክርስቲያኖቹስ? ከየቀበሌው አሥርም አሥራ አምስትም ሆነው በአንዷ ማድ ቤት የሚጸልዩት ከየት ያምጡ? ከበጎቻቸው መሃል?

ደግሞ ፊርማ ማለት ስም ማለት ነው። ሩሲያዊው ኦርቶዶክስ ቢፈርም ማንም አይገረምም፤ ከጥንቱም ክርስቲያን መሆኑ ይታወቃል። ኪርጊዝ ሆኖ በክርስቶስ ያመነው ግን ለገዛ እናቱ እንኳ ያልነገረ ሊሆን ይችላል። ይህ ሰው ነው እንግዲህ ስሙን በዝርዝር አስፍሮ፣ የአጎቱ ልጅ ሊሠራበት ለሚችል ቢሮ እንዲያስረክብ የሚጠየቀው። ሕግ አውጪዎቹ ይህን አያውቁም ብዬ አላምንም። አሳምረው ያውቃሉ።

ፍርሃቱ ከንቱ የሚመስለው ካለ የአላ ቡካን ታሪክ ያስታውስ። በ2016 እ.ኤ.አ. በዚያ የኪርጊስታን ወረዳ አንዲት ባፕቲስት ሴት ሞተች። የመንደሩ መቃብር ለካፊር አይሆንም ተባለ። ሌላ ቦታ ቢቀብሯትም አስከሬኗ ከአንድ ጊዜ በላይ ተቆፍሮ ወጣ፤ በመጨረሻ ባለሥልጣናት ቦታውን ሳይናገሩ ቀበሯት። ከዕድር መባረር ምን ማለት እንደሆነ ለሚያውቅ ለእኛ አገር አንባቢ ይህን ማብራራት አያስፈልግም። ሰው ድህነቱን ይችለዋል፤ ሬሳውን የሚሸከምለት ሰው ማጣት ግን ሌላ ነገር ነው። እንግዲህ በዚህ አገር ነው «500 ሆናችሁ ፈርሙ» የሚባለው!

«ጽንፈኝነትን ለመከላከል ነው» የሚለውንም ሰምቻለሁ። የትኛው ቦምብ ነው በየትኛዋ ባልቴት መዝሙር መጽሐፍ ውስጥ የተገኘው? አብሮ በወጣው ሕግ ፊትን የሚሸፍን ልብስም ተከልክሏልና ሙስሊሙም ተነክቷል ይሉናል። እሺ፣ ተነክቷል። ሁለት ሰው መበደል ከመቼ ወዲህ ነው ፍትሕ የሆነው?

ተናጋሪውን በሻይ ሰዓት አገኘሁት። ከመካ ሸሽተው አክሱም የደረሱት የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች ከሃያ እንደማያልፉ፣ ክርስቲያኑ ንጉሥም «መጀመሪያ 500 ሙሉ» እንዳላላቸው ነገርኩት። ስኳሩን እያማሰለ «ያ ሌላ ዘመን ነው» አለኝ።