ቼስተር ካርልሰን በድህነት አልሞተም

ስለ ፎቶ ኮፒ ማሽን ሲወራ ብዙ ሰው የሚቀባበለው ነገር አለ፦ «ፈልሳፊው ቼስተር ካርልሰን ሐሳቡን ኩባንያ ቀምቶት፣ ሳንቲም ሳያገኝ ሞተ»። ሐዘናችሁ ይገባኛል፤ ግን እንደዚያ አልሆነም።

መንከራተቱስ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 22 ቀን 1938 ኒውዮርክ፣ አስቶሪያ ውስጥ ከረዳቱ ጋር ሆኖ ድኝ የተቀባ የዚንክ ሰሌዳ በመሐረብ ፈተገ። ብርሃን አሳረፈበት፣ ዱቄት ነሰነሰበት፤ «10-22-38 አስቶሪያ» የሚለው ጽሑፍ ሰም በተቀባ ወረቀት ላይ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ከዚያ ከ20 በላይ ኩባንያዎች ፊት ነሱት።

ግን ሰውዬው ራሱ የፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ባለሙያ ነበር፤ መብቱን ቀድሞ አስመዝግቧል። ኋላ ዜሮክስ የተባለው ኩባንያ በ1959 ማሽኑን ሲያወጣ ድርሻውን አገኘ፣ ሚሊየነርም ሆነ። በ1968 ከመሞቱ በፊት አብዛኛውን ሀብቱን ለበጎ አድራጎት ሰጥቷል።

ይህ ወሬ የሚያሳስበኝ፣ የፈጠራ ሥራ ያላቸው ልጆች «ማስመዝገብ ምን ዋጋ አለው?» ብለው እንዲተዉት ስለሚያደርግ ነው። ማጣራት የፈለገ ጎግል ፓተንትስ ላይ የአሜሪካን ፓተንት ቁጥር 2,297,691 ይፈልግ። በ1942 የተሰጠው ፓተንት ላይ የፈልሳፊው ስም ካርልሰን ነው።