ፎርማት ይደረግ የምትሉ ሁሉ፣ እድሜ ይስጥልን

መቼም ካላመሰገኑት ውለታ ቢስ የሚያስብል ሙያ አለ፣ የኮምፒውተር ሀኪሞቻችንን ማለቴ ነው። የሰው ሀኪም'ኮ ደም ይላል፣ ሽንት ይላል፣ ራጅ ይላል፣ ስትመላለስ ጫማህ ያልቃል። የኛዎቹ ግን ላፕቶፑ ከቦርሳው ሳይወጣ ገና ዚፑ ሲከፈት በሽታውን ያውቁታል፤ "ፎርማት ነው ሚፈልገው።" ያለውን ሁሉ ጠርጎ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ማለታቸው ነው። ድምጽ እምቢ አለ? ፎርማት። ቀርፋፋ ሆነ? ፎርማት። ይሞቃል? ፋኑ አቧራ ጠግቦ መዞር ቢያቅተውም እሱን ማን ያያል፣ ፎርማት! ፌጦ እንኳን ይሄን ሁሉ በሽታ አልደፈረችም።

በተለይ የሜሞሪ ካርድ ህክምናቸው ለታሪክ መቀመጥ አለበት። አንድ አባት የድሮ ላፕቶፓቸውንና የካሜራ ሜሞሪ ይዘው መጡ፣ 64 ጊጋ። "የልጄ ሰርግ ፎቶ ነው፣ ስከተው ምንም አይልም" አሉ። የሱቁ ልጅ ቀና እንኳን ሳይል "ጋሼ ዊንዶውሱ አርጅቷል፣ ፎርማት አርጌ አዲስ እጭንልዎታለሁ፣ ማታ ይውሰዱት።" አለቀ። አንድ መስመር ጥያቄ የለ!

እኔ እዛው ቻርጀር ልገዛ የቆምኩት ሰውዬ ግን ነገር ማወሳሰብ ስለምወድ ላፕቶፑ የድሮው ዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን መሆኑን አየሁ። እንዲህ ያለው የካሜራ ሜሞሪ ኤስዲ ካርድ ይባላል፣ የመጀመሪያዎቹ እስከ 2 ጊጋ ነበሩ፣ በፈረንጅ 2006 ኤስዲኤችሲ መጣና እስከ 32 ጊጋ አደረሰው፣ 2009 ላይ ደሞ ከዛ በላይ ለሆኑት ኤስዲኤክስሲ ሚባለው ተከተለ፣ ሶስቱም መልካቸው አንድ ስለሆነ የድሮው ቀዳዳ ውስጥ ጭጭ ብለው ይገባሉ፣ ሪደሩ፣ ማለትም ካርዱን የሚያነበው የላፕቶፑ ክፍል፣ ግን የማያውቀውን ካርድ አያነብም፣ ዊንዶውሱን አስር ጊዜ ብትቀያይረው ያው ነው። ሪደሩ ቢያውቀው እንኳን እንደዚህ ትልቅ ካርድ ኤክስፋት በሚባለው የፋይል አደራደር ስለሚመጣ ኤክስፒ ተጨማሪ አፕዴት ካልተጫነለት አይገባውም። ሌላ ማሽን ላይ ሰክቶ መገልበጥ የአስር ደቂቃ ስራ ነበር። ግን እንደዛ ተሰርቶ ምን ተብሎ ብር ይጠየቃል?

ብቻ ዊንዶውስ ተጫነ፣ ሜሞሪው አሁንም ጭጭ። ልጁ ተስፋ አይቆርጥም፣ ጎበዝ ነው፣ "ችግሩ ሜሞሪው ነው ማለት ነው" ብሎ የሱቁ ኮምፒውተር ላይ ሰካው። ጥርት ብሎ ታየ! አዎ፣ ፎቶዎቹ እዛው ቁጭ ብለዋል። ግን ፎርማት ያለ ሰው ቃሉን አያጥፍማ፣ ራይት ክሊክ፣ ፎርማት፣ ኦኬ። የካርዱ ጎን ላይ ያለችው ትንሿ ሎክ ወደ ታች ብትሆን ኖሮ አሻፈረኝ ትል ነበር፣ እሷንም ቀድሞ ወደ ላይ ገፍቷታል፣ ለጥንቃቄ። ከዛ ኩዊክ ፎርማት ፋይሉን ወዲያው ስለማያጠፋው፣ በላዩ ካልተጻፈበት በሪከቨሪ ሶፍትዌር ሊመለስ ስለሚችል፣ እሱም እንዳይሆን "ይሰራል ወይ" ብሎ ለሙከራ የህንድ ፊልም ገለበጠበት። ይሄ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው ያቺ የሙያው ዘውድ የሆነች ጥያቄ የመጣችው፤ "ጋሼ፣ ዳታ ነበረበት እንዴ?"

ሰርጉ ሄደ፣ ፊልሙ ግን በነጻ ነው።

ላፕቶፑስ? ላፕቶፑማ እንደ አዲስ ሆነ፣ አዲስ ማለት ደሞ ምንም የሌለው ማለት ነው። ዋይፋይ የለም፣ ድራይቨሩ፣ ዋይፋዩን የሚያሰራው ሶፍትዌር፣ ሄዷል። ድራይቨሩን ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፣ ኢንተርኔት ለማግኘት ዋይፋይ፣ ለዋይፋይ ድራይቨር፣ እንዲህ እየዞርክ ትውላለህ። ስልክህን በዩኤስቢ ኬብል ሰክተህ ቴዘሪንግ ብታበራ፣ የስልኩን ኢንተርኔት ለላፕቶፑ ብታጋራ ማለት ነው፣ ከዚህ አዙሪት እንደምትወጣ የሚነግርህ የለም፣ ለምን ይነገርህ፣ ድራይቨር መጫን ለብቻው ይከፈልበታል'ኮ።

ከሁሉ የምወደው ግን የአማርኛ ደብዳቤዎቹ እጣ ነው። እኚህ ሰው እንዳጋጣሚ ዊንዶውስ ባለበት ሲ ድራይቭ ላይ ሳይሆን ዲ ላይ ያስቀመጡት የድሮ ፋይል ተርፎላቸዋል፣ ማመልከቻ፣ የእድር ቃለ ጉባኤ፣ የኪራይ ውል። ሲከፍቱት ግን የላቲን ፊደል ከነጥብና ከቅንፍ ጋር ተደባልቆ ይንጫጫል፣ አንዲት ሀ እንኳን የለችበትም። ዩኒኮድ፣ ለየቋንቋው ፊደል የየራሱን ኮድ የሰጠው ስርአት፣ ሳይለመድ በፊት የተጻፈ ጽሁፍ ሲታይ ብቻ ነው ግእዝ፣ ስር ስሩን የላቲን ኮድ ነው፣ የተጻፈበት ፎንት መልሶ እስኪጫን ድረስ ፊደሉን አያሳይህም። ልጁ አየው አየውና ምን ቢል ጥሩ ነው? "ቫይረስ በልቶታል ጋሼ።" መድሀኒቱን ይገምቱ!

ቫይረስ ሲባል ያቺ ፎልደሮችህን ሁሉ አንድ ኪሎባይት ሾርትከት የምታደርገው ትዝ አለችኝ። ፋይሎቹ የትም አልሄዱም፣ ተደብቀው ነው፣ ቫይረሷን አጽድተህ ኮማንድ ፕሮምፕት ላይ አትሪብ በሚባለው ትእዛዝ መደበቂያውን ብታነሳ ይወጣሉ። ስንቱ ፍላሽ ግን ከነመመረቂያ ጽሁፉ ተሰዋ።

ሰአት ወደ ኋላ የሚሄድበትም አለ። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ስትደክም ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር ቀኑን ወደ ኋላ ይመልስብሃል፣ ቀኑ ስለተሳሳተ ብራውዘሩ ድረገጹን አላምንም ይላል፣ ኢንተርኔት ተበላሸ ይባላል፣ ፎርማት ይደረጋል፣ በነጋታው ሰአቱ ደግሞ እዛው። ባትሪዋ ላይ 2032 የሚል ቁጥር አለ፣ 20 ሚሊ ስፋቷ 3.2 ሚሊ ውፍረቷ ነው፣ እንደ ሰማሁት ግን የሚያበቃበት ዓመት ነው ብሎ "ገና ነች አትነካም" ያለ አለ። በኛ ይሁን በፈረንጅ አቆጣጠር አልተጠየቀም።

እርግጥ ሀኪሙን ብቻ ማመስገን አድልዎ ነው። እኛስ! "አሁንስ ፎርማት ካልተደረገ አይሆንም" እያልን በእጃችን ተሸክመን የምንወስደው እኛ አይደለን? ሁለት ሳምንት ይፈጥናል፣ "አቤት እጁ!" እንላለን፣ ከዛ ያንኑ ክራክ የተደረገ፣ ያለ ፈቃድ የተከፈተ ሶፍትዌር መልሰን ስንጭንበት ወደ ቦታው ይመለሳል። አንዳንዴ በእውነትም ፎርማት የሚፈልግ ማሽን አለ፣ አልክድም፣ መጀመሪያ ፋይሉን ገልብጡ ብሎ ነገር ግን ለባለሙያ ስድብ ነው መሰለኝ።

አሁን ደሞ ወርቃማ ዘመናቸው መጣ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14፣ 2025 አበቃ፣ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይጠይቃል፣ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በኩል ከሞላ ጎደል ከስምንተኛው ጀነሬሽን ወዲህ ያለውን ብቻ ነው በይፋ የሚቀበለው። በቀደም አንዱ ከነዚህ ጀነሬሽኖች ሁሉ በፊት የነበረ ኮር ቱ ዱዎ ላፕቶፑን ታቅፎ "11 ጫንልኝ" ሲል ሰማሁ። ሀኪሙ አላቅማማም።

"ፎርማት አርጌ እሞክረዋለሁ ወንድሜ፣ ቀብድ ትተህ ሂድ።"