ከረጢቶቹ ብዙ ያወራሉ፣ ግን ገና ነው

ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ በደም ውስጥ ያሉ ኤክሶዞም የተባሉ ጥቃቅን ከረጢቶች የሚይዟቸው ፕሮቲኖች የጡት ካንሰርን ቀድመው ሊጠቁሙ ይችላሉ፣ ለምርመራውም ትንሽ ደም ይበቃል ይላል። ደስ ይላል፤ ግን "ትንሽ ደም ይበቃል" የሚለው ነገር ትንሽ ቸኮለ።

ኤክሶዞም ሴል ወደ ውጭ የሚለቀው፣ ከ30 እስከ 150 ናኖሜትር የሚሆን ከረጢት ነው። አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው፤ አስቡት! እኔን የሚገርመኝ ግን የሚሸከመው ነገር ነው። የወጣበትን ሴል ፕሮቲን ይዞ ይዞራል። ኸር2 የተባለው፣ በአንዳንድ የጡት ካንሰሮች ላይ የሚበዛ ፕሮቲን አለ፤ እሱ የበዛበት ዕጢ በሚለቃቸው ኤክሶዞሞች ላይም ኸር2 ይገኛል። በላብራቶሪ እንደታየው እነዚህ ከረጢቶች ኸር2 ላይ የሚጣበቀውን ትራስቱዙማብ የተባለውን የካንሰር መድኃኒት ራሳቸው ላይ ሊያጣብቁት ይችላሉ። ማለትም ምልክት ብቻ ሳይሆኑ መድኃኒቱን ከዕጢው የሚያስቱ ማታለያም ናቸው። ጸሐፊው ይህን ቢነካው ጥሩ ነበር።

ችግሩ ጤነኛ ሴልም ኤክሶዞም መልቀቁ ነው። ሲዲ9፣ ሲዲ63 እና ሲዲ81 የሚባሉት ፕሮቲኖች ኤክሶዞም መኖሩን ይጠቁማሉ እንጂ ከካንሰር መምጣቱን አይነግሩንም። ከደም ለይቶ ማውጣቱም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። በመጠን የሚቀራረቡ የስብ ቅንጣቶች አብረው ይገባሉ። አንዱ ላብራቶሪ በከፍተኛ ፍጥነት አሽከርክሮ ይለያል፣ ሌላው በማጣሪያ። ታዲያ ውጤታቸውን ማወዳደር እንዴት ይቀላል?

የቆየው ሲኤ 15-3 የተባለው የደም ምርመራም ሕመሙ ለታወቀባቸው ሰዎች ክትትል ያገለግላል እንጂ ጤነኛ ሰው ላይ ካንሰር ለመፈለግ አይመከርም። ስለዚህ ጡቷ ላይ እብጠት ያገኘች ሴት ይህ አዲሱ የኤክሶዞም ምርመራ እስኪመጣ ልጠብቅ እንዳትል። ማሞግራፊው (የጡት ራጅ) እና ከእብጠቱ ናሙና ተወስዶ የሚደረገው ምርመራ አሁንም ቦታቸውን አልለቀቁም።