ከመብራቱ የቀደመ ማብራሪያ

እንጦጦ ላይ ሁለት ቴሌስኮፕ አለን፤ የእያንዳንዱ መስታወት ስፋት 1 ሜትር ነው። የጠፈር ተመራማሪዎቹን ምን አደከማቸው? ሐዋሳ ፍቅር ሐይቅ ዳር ሰው በአንድ ዓይኑ ሰማዩን፣ በሌላው ስልኩን እያየ የጠፈርን ምስጢር በሁለት ደቂቃ ይጨርሰዋል።

በቀደም ምሽት ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። መብራቶች እንደ ሙሽራ መኪና ተከታትለው ሰማዩ ላይ ብቅ አሉ። ባጃጆች ቆሙ። ሻይ የሚጠጣው ብርጭቆውን እንደያዘ ወጣ።

እንደኛ ፈጣን ሕዝብ የለም። ከመብራቱ በፊት ማብራሪያው ደረሰ! ባለባጃጁ «ድሮን ነው፣ አውቀዋለሁ» አለ። አንዲት እናት «ስምንተኛው ሺህ ገባ» ብለው አማተቡ። አንዱ ጎረምሳ ኤሊየኖች ናቸው፣ ዓሣ ጥብስ ሸቷቸው ነው ብሎ ማለ። (ይሄኛው እንኳን ያሳምናል።)

ቆጠራችንም ይመስገን። እኔ ስቆጥር 22 ነበሩ። ፒያሳ ስደርስ 40 ሆኑ። ጠዋት ቁርስ ቤት 100 ሞልተዋል፤ አንዱም ዝቅ ብሎ ሐይቁን ነክቷል። ይህን በእጁ እያሳየ የተረከልን ሰውዬ ያን ምሽት ዲላ ነበር።

ያን ምሽት መብራቶቹ ገና ሳይጠፉ አንድ ተማሪ ደስታችንን ሊያበላሽ ሞከረ። «ስታርሊንክ ናቸው» አለ። ስፔስኤክስ የሚባለው የአሜሪካ የሮኬት ኩባንያ የሚያመጥቃቸው የኢንተርኔት ሳተላይቶች ናቸው አለን። እንደ ፈረንጆቹ በ2019 ሲጀምር 60ውን በአንድ ሮኬት ነው የላከው። በመጠቁ ሰሞን ተሰልፈው ይታያሉ፤ ኋላ ከፍ ብለው ይራራቃሉ። እኛ ጋ ጨልሞ እነሱ ጋ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤ የሚያበሩትም በእሷ ብርሃን ነው።

ልጁ ያሳዝናል። ይሄን ሁሉ ሲናገር አንዴ እንኳን አልማለም። ሳይምል የሚያወራ ሰው እንዴት ይታመናል?

መብራቶቹ ሰማዩ መሃል ሳይደርሱ አንድ በአንድ ጠፉ። ተማሪው «የምድር ጥላ ውስጥ ገብተው ነው» አለ። ባለባጃጁ «ስንቀርጻቸው አይተው ነው የሸሹት» አለ። ጭብጨባው ለባለባጃጁ ሆነ።

ወዲያው ሰፈሩ በሙሉ ድርግም አለ። ያ ሁሉ ሊቅ ዝም። ባለባጃጁ የስልኩን ባትሪ አብርቶ ወደ እኔ ጠጋ አለ።

«ወንድሜ፣ መብራት በእናንተ በኩልም ሄዷል እንዴ? ምን ሆኖ ይሆን?»