በዘመነ ማርቆስ ስለደረሰኝ የአምና ካርድ

የአምናን ካርድ ዘንድሮ የሚልክ ሰው ምን ተብሎ እንደሚጠራ የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ። በእንቁጣጣሽ ጠዋት፣ ቡናው እንኳ ሳይፈላ፣ አንድ ድሮ አብረን የሰራን ሰው በቴሌግራም ካርድ ላከልኝ። አደይ አበባው አለ፣ ፀሐይዋ አለች፣ ከስር ደግሞ በወርቃማ ፊደል «እንኳን ከዘመነ ዮሐንስ ወደ ዘመነ ማቴዎስ በሰላም አሸጋገራችሁ» ይላል። ወንድሜ፣ 2018 እኮ ዘመነ ማርቆስ ነው! ለዚህ ባሕረ ሐሳብ መማር አያስፈልግም፣ 5500 ላይ 2018 ደምረህ ለ4 ስታካፍለው 2 ይተርፋል፣ 1 ሲተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ፣ አለቀ። እሺ ይሁን፣ ወንጌላዊ መሳሳት ያለ ነው ብዬ ልተወው ስል ወረድ ብሎ የላኪው ስም አለ፣ የላኪው ግን አይደለም፣ የሆኑ የማላውቃቸው አቶ እገሌ «ከነመላው ቤተሰባቸው» ነው የሚለው። የላከልኝም ሰው የሚያውቃቸው አይመስለኝም። በቃ እንግዲህ፣ በዘመነ ማርቆስ፣ በማላውቃቸው ሰውዬ በኩል፣ ወደ አምና በሰላም ተሸጋገርኩ።

ነገሩ የብር ጉዳይ እንዳይመስላችሁ ደግሞ። የብርን ዋጋ ገበያው ይተምነው ከተባለበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ኑሮው ምን እንደሚመስል አሳዩኝ የሚል ሰው የለም፣ ዶሮ ሺህ ብር ባለፈበት በዓል ካርድ ገዝተህ፣ ፖስታ አሽገህ፣ ቴምብር ለጥፈህ ላክልኝ ብሎ የሚጠብቅ ካለም ጤንነቱን ይታይ። እጅ ሲያጥር ካርዱም ይጠር፣ ደስ ይለኛል። እኔን የሚያበግነኝ በነፃ ነገር ላይ መቆጠቡ ነው። «እንዴት ከረምክ፣ እናትህ ተሻላቸው ወይ?» ብሎ መጻፍ ስንት ሜጋ ይበላል? እንደውም ዳታ የሚበላው ያ ባለ ወርቃማ ፊደል ፎቶ ነው!

እናቴ እንዲህ አይነት ነገር ስታይ «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ትላለች፣ እኔም ከተረቶቻችን ሁሉ ይሄን አስበልጣለሁ፣ ምክንያቱም በአይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ። ሰፈራችን ውስጥ አንዷ ስትዳር ጎረቤቷ የአንገት ሀብሏን አዋሰቻት። ያዋሰችው ሴትዮ ታዲያ ሰርጉን ሙሉ ከሙሽራዋ አጠገብ አልጠፋችም፣ ሙሽራዋ ጎንበስ ስትል አብራ ጎንበስ፣ ስትጨፍር አብራ እስክስታ፣ አይኗ ግን ሀብሉ ላይ ነው፣ ኬክ ሲቆረስማ ጭራሽ «ክሬም እንዳይነካው እህቴ» አለቻት፣ ማይኩ ክፍት ነበር። ቪዲዮው ዛሬም ድረስ አለ፣ ሙሽራው ከሚታይበት እሷ የምትታይበት ይበዛል። ያም ሆኖ ሙሽራዋ ወርቁን ሰኞ መልሳለች። የኔ ሰውዬ ግን የአቶ እገሌን ስም ከስር ክሮፕ ለማድረግ እንኳ ጣቱን አላንቀሳቀሰም።

ስንፍናው ራሱ የቆየ ነው ለነገሩ። በፈረንጆቹ 1843 ለንደን ውስጥ ሄንሪ ኮል የሚባል የመንግስት ሰራተኛ ለገና መልስ የሚጻፍለት ደብዳቤ ሲከመርበት ጊዜ ሆርስሊ ለሚባል ሰዓሊ ስዕል አሰራና አሳተመው፣ የመጀመሪያው ለንግድ የታተመ የገና ካርድ የሚባለው እሱ ነው። አንዱ ካርድ በ1 ሽልንግ ተሸጧል፣ ያኔ ለደሃ የማይቀመስ ዋጋ ነው። ማለት የፈለግኩት፣ ካርድ ሲፈጠርም ለመገላገል ነው የተፈጠረው። ግን ካርዱ ላይ የተቀባዩም የላኪውም ስም በእጅ የሚሞላበት ቦታ ተትቶለት ነበር። ሰውየው ሰነፍ ነው እንጂ ቀልማዳ አልነበረም።

እኛ ጋ ፖስታ ከምኒልክ ጊዜ ጀምሮ አለ፣ በፈረንጆቹ 1908 የዓለም ፖስታ ሕብረት አባል ሆነናል፣ ነገር ግን እኔ ባደግኩበት ሰፈር ፖስተኛ በር ሲያንኳኳ አይቼ አላውቅም፣ ሁሉ ነገር በፖስታ ሳጥን ቁጥር ነው፣ ሳጥን የሌለው ደግሞ «በእገሌ በኩል» ነው። የኛ በኩል የአባቴ መስሪያ ቤት ነበር። እዚያ ፖስታ የሚያመላልሰው ሰውዬ ቴምብር ይሰበስባል። ይሰብስብ፣ ማን ከለከለው፣ ግን ሮም የነበረችው አክስቴ የላከችልን ፖስት ካርድ ቴምብሩ በመቀስ ተቆርጦ፣ ጥጉ ላይ መስኮት ወጥቶለት ነው የደረሰን። ውሃ ውስጥ ነክሮ ማላቀቅ ይቻላል እኮ! ገልበጥ ስታደርገው የኮሎሲየም ፎቶ ነው፣ ኮሎሲየም ድሮም አንድ ጎኑ የፈረሰ ነው፣ የቀረውን እሱ ጨረሰው። አባቴ «ተወው፣ ቴምብር ምን ይሰራልሃል» አለኝ። አልተውኩትም። ሰውየው ጡረታ ወጥቶ አልበሙን ለእንግዳ እያሳየ ነው ሲሉኝ ሰምቻለሁ፣ አንድ ቀን ሄጄ ቴምብራችንን ከነካርቶኑ አገኘው ይሆናል፣ ያኔ እንነጋገራለን።

በጠባብ ባጀት ካርድ እንዴት እንደሚላክ መማር የሚፈልግ ሰው የእንቁጣጣሽ ልጆችን ይይ። ከደብተር የተገነጠለ ሉክ፣ አንድ ቢጫና አንድ አረንጓዴ ከለር፣ ክንፉ ከራሱ የሚበልጥ መልአክ፣ ከዛ በር ማንኳኳት ነው። ስዕሉን ትሰጣለህ፣ ትቆማለህ፣ ምንም አትናገርም፣ ባለቤቱ ኪሱን እስኪዳብስ አይን አይኑን ታያለህ። እኛ ስሙኒ ነበር የምንቀበለው፣ ብር የሰጠ ሰው ስሙ እስከ መስቀል ድረስ ይነሳል። ዘንድሮ ግን አንዱ ከኮፒ ቤት የተባዛ ጥቁርና ነጭ አደይ አበባ ይዞ መጣ። ጥቁርና ነጭ አደይ! «ማሙሽ፣ ቢጫው የታለ?» ስለው «ከለር ፕሪንት ውድ ነው ጋሼ» አለኝ። 50 ብር ሰጠሁት። ቢያንስ በእግሩ ነው የመጣው፣ አቶ እገሌ ነኝም አላለም።

ወደ ካርዱ ስመለስ፣ ለዛ ሰውዬ «አሜን፣ እርስዎንም እንኳን አደረሰዎ አቶ እገሌ» ብዬ መለስኩለት፣ በስማቸው ጠርቼ። አውራ ጣት ላከልኝ። በቃ፣ አውራ ጣት! አላነበበውም። እንግዲህ ገንዘብ የሌለው ለመቶ ሰው ከሚበትን ለአምስት ሰው አንድ አንድ መስመር ይጻፍ፣ እሱም ከከበደው ሚስ ኮል ያድርግ፣ ገብቶን መልሰን እንደውላለን፣ ሲጠፋ ደግሞ ዝም ይበል፣ ዝም ያለን ሰው እኮ ተቀይሜ አላውቅም።

ለማንኛውም ታኅሣሥ 29 ሩቅ አይደለም፣ ያኔ ደግሞ የበረዶውና የአጋዘኑ ጣጣ ይመጣል። ሜዳ ላይ አቧራ እያቦነነ ገና የሚጫወት ሕዝብ ጭስ ማውጫ ውስጥ ስለሚገባ ሽማግሌ ምን አገባው? ዱላና ሩር ያለበት ካርድ ያለው ይላክልኝ፣ ፎቶው ቢደበዝዝም ግድ የለኝም። አጋዘን ከሆነ ግን ይቅርብኝ።