አራስ ጥየቃ በመንግሥት በጀት

ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ፣ ከሰዓት በኋላ ቡና እየተፈላ ሦስት ሰዎች ተከራከሩ። አንዱ የቡና ነጋዴ ነው። ሁለተኛው በወረዳ ፋይናንስ ፀጉሩን ያሸበተ ሰው። ሦስተኛዋ ከጤና ጣቢያ ሆና አምስት ጤና ኬላዎችን የምትደግፍ ነርስ።

ነገሩን የጫረው ነጋዴው ነው። «አራስ መጠየቅ የጎረቤት ሥራ ነው» አለ። «ገንፎው ይገነፋል፣ ቅቤው ይመጣል፣ እልልታውም ይቀልጣል። ለዚህ ደግሞ ከእኛ ግብር ደመወዝ የሚከፈላት፣ ቤት ለቤት የምትዞር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ምን ታደርጋለች?»

«ጋሼ፣ ጎረቤት ገንፎ ይዞ ይመጣል እንጂ የሕፃኑን ትንፋሽ አይቆጥርም» አለችው ነርሷ። አቆጣጠሩንም ነገረችው፦ ሕፃኑ ሳያለቅስ፣ ልብሱ ከደረቱ ተገልጦ፣ አንድ ደቂቃ ሙሉ። ሠላሳ ሰከንድ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት አይሆንም፤ የአራስ ትንፋሽ ወጣ ገባ ይላልና። ከሁለት ወር በታች ላለ ሕፃን 60 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ይደገማል፤ ሁለተኛውም እንደዚያው ከመጣ አደጋ ነው። ጡት መተው፣ ሲተነፍስ ደረቱ ክፉኛ ወደ ውስጥ መሰርጎድ፣ ሙቀቱ 37.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ መድረስ ወይም ከ35.5 በታች መውረድም እንደዚሁ። «እናቱ ‹ዛሬስ እንዴት ያለ እንቅልፍ ነው› የምትለው ሕፃን አንዳንዴ አልተኛም፤ ዝሏል። እትብቱ ላይ ቅቤ የሚቀባውስ ያው እርስዎ የሚያመሰግኑት ጎረቤት አይደል?»

ነጋዴው ሳቀ፤ አልተረታም። «እንግዲያው ሆስፒታል ይውሰዱታ። ከተማው መሀል ሆስፒታል ተገትሮ ቤት ለቤት መዞር ምንድን ነው?»

እዚህ ላይ ነርሷ ቁጥር አመጣች። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቱ፣ በፈረንጆቹ 2000 በሕይወት ከተወለዱ ሺህ ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2016 ወደ 67 ወርዷል። አንድ ወር ሳይሞላቸው የሚሞቱት ግን ከ49 ወደ 29 ነው የወረዱት። ክትባቱ፣ ለተቅማጥ የሚሰጡት ኦአርኤሱና ዚንኩ ትልልቆቹን ደርሰውላቸዋል። አራሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚሞተው በመጀመሪያው ሳምንት ነው፤ በዚያ ሳምንት ደግሞ እናት ከቤት አትወጣም።

የፋይናንሱ ሰው እስከዚህ ድረስ ዝም ብሎ ቆይቶ «በጀት የለም ብቻ አትበሉ» አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ለአንድ ቀበሌ፣ ለ5 ሺህ ሕዝብ ግድም፣ ሁለት ሠራተኞች ተብሎ ነው፤ ደመወዛቸውንም ወረዳው ከድጎማ በጀቱ ይከፍላል። «ስለዚህ ጉብኝቱ ተከፍሎበታል። የጎደለው ቁጥጥር ነው።»

«ተከፍሎበታል?» ነርሷ እስክሪብቶ አውጥታ በሲጋራ ፓኮ ጀርባ ላይ አሰላች። ከሺህ ሰው በዓመት 32 ይወለዳል ብንል ለ5 ሺህ ሕዝብ 160 አራስ ይሆናል። በመጀመሪያው ቀን፣ በሦስተኛው፣ በሰባተኛው ቀንና በስድስተኛው ሳምንት ሲጎበኙ 640 ጉብኝት ነው። ለሁለት ሠራተኞች፣ በ250 የሥራ ቀን፣ ለአንዷ በቀን ከአንድ ጉብኝት ብዙም አይበልጥም።

«ያውልህ!» አለ የፋይናንሱ ሰው።

«ቆዩ እንጂ ጋሼ። ሥራው አይደለም ሠራተኛዋን የከበዳት፤ እናት መውለዷን ማን ይንገራት?» ዘረዘረችለት። እናቲቱ ጤና ጣቢያ ትወልዳለች፤ 24 ሰዓት ትቆይ ቢባልም አልጋም ምግብም ስለሚያጥር በማግሥቱ ሳይሆን በዚያው ቀን ትሸኛለች። ለጤና ኬላው የሚደውል የለም፤ የስልክ ካርዱን ማን ይገዛል? የመጀመሪያ ልጇ ከሆነ ደግሞ የምትታረሰው እናቷ ቤት ነው። የጤና መዝገቧ የተቀመጠበት የቤተሰብ ፎልደር አንድ ቀበሌ፣ ሕፃኑ ሌላ ቀበሌ። ክረምት ሲሆን የአንድ ሰዓቱ መንገድ ጭቃ ሆኖ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ሕፃኑ ታሞ ወደ ሆስፒታል መላክ (ሪፈር) አልሆን ካለ ጄንታማይሲን በቀን አንዴ በመርፌ፣ አሞክሲሲሊን በቀን ሁለቴ፣ ሰባት ቀን ይሰጣል። «ሰባት ቀን ውስጥ ቅዳሜና እሑድ አለ። ሐሙስ የተጀመረ መርፌ ቅዳሜ የሚቋረጠው ሠራተኛዋ ሰንፋ ይመስላችኋል? የሥራ ማስኬጃ መስመሩን ይክፈቱና ይዩት።»

ሰውየው መስመሩን ያውቀዋል። ድጎማው በቀመር ይመጣል፣ ደመወዝ ይበላዋል፣ የተረፈችው ነዳጅና የጽሕፈት መሣሪያ ላይ ታልቃለች። ምክር ቤቱም ከተረፈው አዲስ ጤና ኬላ መሥራት ይመርጣል፤ ጉብኝት ሪባን አይቆረጥለትም። ብሎ ብሎ «ጤና ጣቢያው በውስጥ ገቢው ይሸፍነዋ» አለ። እሷም መለሰችለት፦ የወሊድ፣ የአራስና የክትባት አገልግሎት በነጻ ነው፤ ጓንቱና መድኃኒቱ ግን ይገዛል። ጤና ጣቢያ በውስጥ ገቢው ነጻውን እየሸፈነ መንገድም ክፈል ቢባል ከየት ያመጣል?

«ፈረንጅ ይክፈላ» አለ ነጋዴው። ለዚህ የፋይናንሱ ሰው ቀደመ፦ በ2017 ዓ.ም. የአሜሪካ ገንዘብ ሲቆም ጤና ሚኒስቴር በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ 5 ሺህ ሠራተኞችን ውል ለማቋረጥ ተገዷል። «በሰው ገንዘብ የተዘረጋ ሥራ በሰው ደብዳቤ ይታጠፋል።» እንዲህ ብሎ ራሱ ለነርሷ እንደመሰከረላት ልብ ያለው አይመስለኝም።

ነጋዴው ቤት ለቤት መዞርን መንቀፉ ግን በአንድ ነገር ትክክል ነበር። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቤት ለቤት ቢዞሩ በሩ ዝግ ነው፤ እናቶች ቡና ለቀማ ላይ ናቸው። በዚህ ወቅት የዘጠኝ ወሩ የኩፍኝ ክትባት ያልፋል። ብልቃጡ 10 ልጅ ይከትባል፤ ከተበጠበጠ ከስድስት ሰዓት በኋላ ይጣላል። ሁለት ልጅ ይዘው የመጡ እናቶች «ሲሞላ ትመጣላችሁ» ይባላሉ፤ ለአንድ ልጅም ቢሆን ይከፈት የሚለው መመሪያ እያለ። ባከነ ተብሎ መጠየቅን ፈርተው ነው። ለእነዚህ ቤት ለቤት ከመኳተን ማልዶ ለቀማው ቦታ መሄድ ይሻላል።

እኔ በአብዛኛው ለነርሷ እፈርዳለሁ፤ በሁሉም ግን አይደለም። የፋይናንሱ ሰው ቁጥጥር ጎድሏል ማለቱ እውነት ነው፤ የሚቆጣጠረው ግን የተሳሳተ ነገር ነው። ሪፖርቱ የሚጠይቀው «ስንት ቤት ተጎበኘ» ነው። ስንት ቤት ለሚለው የመንገድ ዳሩን ቤቶች ቆጥሮ መሙላት ይቻላል። ሁለት ቀን ጎን ለጎን ይጻፍ፦ የተወለደበትና መጀመሪያ የታየበት። ልዩነቱ ከሁለት ቀን ካለፈ የመጀመሪያው ጉብኝት ብዙ አልጠቀመም።

ነርሷ ደግሞ ለኤክስቴንሽኑ ሥራ ሁሉ ገንዘብ መጠየቋን ብትተው ይሻላል። ከመጸዳጃ ቤት ጀምሮ ሁሉንም የያዘ ጥያቄ ምክር ቤት ፊት ሲቀርብ ከሁሉም ላይ ይቀነሳል፤ መጀመሪያ የሚቀረውም የሩቁ ቤት ነው። ለመጀመሪያው ሳምንት ብቻ፣ በራሱ መስመር፣ ወደ ነዳጅ የማይዛወር፦ የስልክ ካርድ ለአዋላጇ፣ የመንገድ ለኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ የቅዳሜና እሑድ አበል መርፌ ለጀመረችው። ለአንድ ቀበሌ 160 አራስ ተብሎ ሲቀርብ የፋይናንስ ሰው ሊያባዛው ይችላል፤ ማባዛት ከቻለ ደግሞ ለመከልከል ምክንያት መጻፍ አለበት።

በእርግዝና ክትትል ካርዱ ላይም አንድ መስመር ይጨመር፦ «የምትታረሰው የት ነው?»